ሰው የተለጠፈባቸው ቃላት

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017፣ ሰበታ

ውድ አንባቢዬ… አይ፣ ይሄ እኮ መጽሔት አይደለም። ግን አሥር ዓመት ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ ለሰው ሳወራ የኖርኩ ሴት ለብቻዬ ማውራት አልችልበትም። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ባትኖሪም ጠጋ በይኝ፤ ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ልንገርሽ።

ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ቃላቶቼን እየደገምኩ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ "ኦብዱሬት፣ ኦብሲኩየስ፣ ኦብስትሬፐረስ…" ስል ከጎኔ መጽሐፍ ቅዱስ ታቅፋ የተቀመጠች ሴት "አሜን!" አለች።

ዓይኔን ገለጥኩ።

"በልሳን እየጸለይሽ ነው አይደል? ጌታ ይባርክሽ። የየት ቤተ ክርስቲያን ነሽ እህቴ?"

"አይ፣ የእንግሊዝኛ ቃል እያጠናሁ ነው" ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ግን ታክሲው ሙሉ ዞሮ ያየኛል። ሴትዮዋ ደግሞ እንባዋ ቀረብ ብሎ ኖሯል፤ "ልጄ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በሞቴ ጸልዪለት" አለችኝ።

ጸለይኩለት። የወንጌላዊ ልጅ ነኝ፣ አኳኋኑን አውቅበታለሁ። እጄን ትከሻዋ ላይ ጫንኩና ከኦ ወደ ፒ ተሻገርኩ። "ፐርኒሸስ፣ ፐርፊዲየስ፣ ፐስቲለንት…" ጎጂ፣ ከሃዲ፣ መቅሰፍት ማለት ነው። ሴትዮዋ አለቀሰች። ስትወርድ እጄን ሳመችው።

እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። አሁንም ይቀፈኛል።

ለምን እንደማጠና ልንገርሽ። ውጭ አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ በነጻ ሊያስተምረኝ ፈቅዷል፤ ጂአርኢ በሚሉት የመግቢያ ፈተና የቃላቱ ክፍል ላይ ከ170 ቢያንስ 155 ካመጣሁ ነው ታዲያ። ጥር ላይ ተፈትኜ 141 አመጣሁ። ለሰው ሁሉ "ኔትወርክ ተቋርጦ ፈተናው ተሰረዘ" አልኩ። አከራዬ አዴ ተረፈች አምነውኝ ኔትወርክን ከነዘር ማንዘሩ ረገሙልኝ። ዕድሉ ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው፤ እኔ ጳጉሜ ላይ እሞላለሁ። ሰኔ 21 እፈተናለሁ። ከዚያ ወዲያ የለም።

ቡራዩ የምሄደው ሲላስ ጋ ነው። ሲላስ ድሮ የግንባታ ቦታ ስቶር ኪፐር ነበር፤ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወስዶ በመጨረሻ 163 አመጣ፣ ቪዛ ተከለከለ፣ አሁን ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንታችንን ያስተምራል። ክፍሏ ጋዝ ጋዝ ትሸታለች። በጸሎት ይጀምራል፣ በፈተና ይጨርሳል።

"እህት ተስፋነሽ፣ ፊት የሌለው ቃል ጭንቅላት ውስጥ አያድርም" አለኝ ዛሬ። "የምታውቂውን ሰው ለጥፊበት። እውነተኛ ስም፣ እውነተኛ ሥራ። የፈጠራ ሰው ወዲያው ይረሳል።"

"ሰውየው ቢሰማስ?"

"የት ይሰማል? እዚህ የተባለ እዚሁ ይቀራል።"

በሳምንት ሃያ ካርድ በእጃችን ጽፈን እናመጣለን፤ ከዚያ የሁላችንም ይደባለቅና ሁላችንም የሁላችንን እናጠናለን።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

በችኮላ። አሥራ ሰባት ካርድ አልቋል፤ ሦስት ይቀራል።

ፓርሲሞኒየስ፣ ሲበዛ ቆጣቢ። አዴ ተረፈች፤ የልብስ ሳሙና በክር አራት ቦታ የሚቆርጡ። ያዘልኝ! ወዲያው ነው የያዘልኝ። ሳይኮፋንት፣ አለቃ ለማስደሰት የሚያጎነብስ። የመጽሔታችን አዘጋጅ። ይሄማ ሳልጽፈውም ይያዛል።

ከአራቱ የሳሙና ቁራጭ አንዱ ሁልጊዜ የኔ መስኮት ላይ ነው የሚቀመጠው። እሱ ካርዱ ላይ አልገባም። ቦታ የለም።

ካርዱን ስጽፍ አዴ ተረፈች ያመጡልኝን ወተት እየጠጣሁ ነበር። ኤጭ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ኡርጂ ዛሬ ልብስ ስናሰጣ አንድ ነገር ነገረችኝ። ኡርጂ የአዴ ተረፈች ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙስ የሚታጠብበት መስመር ላይ ትሠራለች፤ አብዛኛውን የሌሊት ተረኛ ናት። ጉታ የሚባል የሱሉልታ ልጅ አጭቷታል፤ አሸዋ የሚያመላልስ መኪና ይነዳል። ሠርጉ ጥር ላይ ነው።

"ተስፉ፣ አንድ ነገር ሆዴን በላኝ" አለች፣ የልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ ይዛ።

"ምንድን ነው?"

"የጉታ እናት ቢሮ የምሠራ ይመስላቸዋል።"

"ማን አላቸው?"

"አገናኙ ነዋ! ሽማግሌ የመጣ ቀን 'ልጅቷ ፋብሪካ ቢሮ ናት' ብሎ ቁጭ። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት 'አይ፣ ጠርሙስ ነው የማጥበው' ልበል? ዝም አልኩ። አሁን በየት በኩል ልጀምረው?"

"ጉታስ?"

"ጉታማ ያውቃል። 'ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን' ይላል። አደራሽን፣ ለማንም።"

"እኔ? እኔ ልሙት!"

"መጽሔትሽ ላይም።"

"ኡርጂዬ፣ ምን ነካሽ!"

አቅፋኝ ሳመችኝ። እጇ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ይሸታል።

ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ዲ ላይ ነበርኩ። ዱፕሊሲተስ የሚለው ቃል፣ ሁለት ፊት ያለው አታላይ ማለት ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልያዝ ብሎኝ ነበር።

አሁን ያዘ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

ሲላስ ካርዶቼን ጮክ ብሎ አነበበ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "የተስፋነሽ ካርድ አይረሳም፣ ሰዎቹን ያየኋቸው ነው የሚመስለኝ" አለ አንዱ። ደስ አለኝ። ከእንቅልፌ ከነቃሁ ጀምሮ ያስጠላኝ ቀን ነበር፤ ዝናብ፣ ሰልፍ፣ የታክሲው እርጥብ ወንበር። አንድ ጊዜ እንኳ ደስ ቢለኝ ምን አለበት?

የዱፕሊሲተሱ ላይ ትንሽ አሳምሬያለሁ። ዝም አለች ብሎ መጻፍ ለቃሉ አልበቃ አለኝ። ስለዚህ ጠዋት ጥፍሯን ቀለም ቀብታ "ቢሮ ነኝ" ትላለች አልኩ። የሰበታዋ ኡርጂ፣ የሱሉልታው ጉታ፣ ሁሉም በየስማቸው። ሲላስ እውነተኛ ስም ብሏል። ደግሞስ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር እንጂ መሐላ አይደለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

የልምምድ ፈተና፣ 150። እየወጣሁ ነው።

እየወጣሁ ነው ግን ምግብ አስጠላኝ። ሽታ አስጠላኝ። ቃላቱ ራሳቸው አስጠሉኝ፤ እንግሊዞቹ ራሳቸው ይሄን ቃል ለእናታቸው ይሉታል? ዓለም ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሰው አላይም፤ ቃል ነው የማየው። ይሄ ሰውዬ ኮርፑለንት፣ ወፍራም፤ ያቺ ሴትዮ ኩዌረለስ፣ ነጭናጫ፤ ረዳቱ ኢንሶለንት፣ ባለጌ። አንዷ ሕፃን ሳቀችልኝ፤ ለሕፃን የሚሆን ቃል ግን ከማጠናቸው ስምንት መቶ ቃላት ውስጥ አጣሁ። ዝርዝሩ የሰው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው። ደግ የሚባል ሰው ቢያንስ ሁለት ቃል ቢኖረው ነው፣ ለንፉግ ግን አሥራ አንድ።

አዴ ተረፈች "ከስተሻል፣ ትምህርቱ ነው የሚበላሽ" ብለው ወተቱን ጨመሩልኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ቡራዩ፣ ሲላስ ጋ ከመግባቴ በፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ቢጫ ሽፋን ያለው ጥራዝ ተከምሯል። ላዩ ላይ "የማይረሱ 1000 ቃላት፣ አዘጋጅ ሲላስ" ይላል። ገለጥኩት። የኔ እጅ ጽሕፈት! ካርዶቹን ሰብስቦ እንዳሉ ኮፒ አድርጎ ጠርዟቸዋል።

ዘልዬ ገባሁ።

"ሲላስ! ምንድን ነው ይሄ?"

"ለበረከት ነው እህት ተስፋነሽ። ብዙ ወጣት መምጫ የለውም፤ ሱሉልታም፣ ሆለታም ጠየቁኝ። ያለንን እናካፍል ብዬ ነው።"

"ስሜ የታለ?"

አዎ፣ አንባቢዬ። አፌ ላይ መጀመሪያ የመጣው ይሄ ነው። ምርጥ ምርጡ የኔ ካርድ ነው፣ ስሜ የታለ! ሲላስ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ በሚቀጥለው እትም አስገባዋለሁ አለ። ትንሽ በረድኩ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ አስኮ ልደርስ ስል ነው ከአንገቴ ጀምሮ የቀዘቀዝኩት። ሱሉልታም ነው ያለው።

ስሜ ባይገባ ይሻላል። አሁኑኑ ደውዬ እንዳያስገባው ልንገረው።

(ደወልኩ። "እሺ" አለ። ጥራዙን ግን ሰብስብ አላልኩትም። የተሸጠ ተሽጧል፣ ማን ያነበዋል ብዬ ነው። ማን ያነበዋል?)

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ላሊሴ አነበበችው። ላሊሴ የጉታ እህት ናት፤ ሱሉልታ የአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህርት ስትሆን፣ እሷም ለዚሁ ፈተና እየተዘጋጀች ኖሯል። ገጽ 31። ስሙ አለ፣ ከተማው አለ፣ ወንድሟ አለ። ለእናቷ ለአዴ ጠጅቱ በኦሮምኛ አነበበችላቸው።

ይሄን ሁሉ የሰማሁት በግድግዳው በኩል ነው፤ ኡርጂ በስልክ ስታወራ። መጀመሪያ ትጮህ ነበር። ኋላ ድምጿ ጠፋ።

ሰኔ 3

አንኳኳች። ሥራ አልሄደችም። ስልኳ ላይ የገጹን ፎቶ አሳየችኝ።

"ያንቺ እጅ ጽሕፈት ነው።"

ስልኩን መለስኩላት።

"የእንግሊዝኛዋን 'አር' ስትጽፊ ጭራዋን ታስረዝሚያለሽ። ደብዳቤ ስትጽፊልኝ ስድስት ዓመት አይቻታለሁ።"

"ኡርጂዬ፣ ምሳሌ እኮ ነው። ለጥናት…"

"እንግሊዝኛ የማላነብ መስሎሽ ነው? አሥራ ሁለተኛ ክፍል እኮ በእንግሊዝኛ ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። የጣለኝ ሒሳብ ነው። ይቺን አንዷን ቃል ብቻ ነው ስልኬ ላይ የፈለግኳት።"

የፈለገችውን ቃል ማለት አልቻለችም። አልቅሳ አይደለም። ተጸይፋኝ ነው። አንድ የማይነካ ነገር እንደነካች አፏን ይዛ ወጣች።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

አዴ ተረፈች ወተቱን በሰዓቱ አመጡ። ጣሳውን አስቀምጠው እበሩ ላይ ቆሙ።

"ስለ እኔስ ጽፈሻል ልጄ?"

"ስለ አንቱማ ምን እጽፋለሁ አዴ።"

ከጀርባቸው ኡርጂ ቆማ ነበር። ጥራዙ እጇ ላይ ነው፣ የሳሙናው ካርድ ያለበትን ገጽ 4ን አይታዋለች። አየችኝ። እናቷን እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው።

ወተቱን ደፋሁት። ከዚያ ደግሞ መድፋቴ አስጠላኝ።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ሱሉልታ ሄድን። የጉታ ቤተሰብ ለሽምግልና ጠርቶናል፤ "ጸሐፊዋም ትምጣ" ብለው። አዴ ተረፈች፣ ኡርጂና እኔ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጥተን በአዲሱ ገበያ በኩል። በመንገድ ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም አላወራኝም፤ አዴ ተረፈች ብቻ እንጦጦ ላይ ሲበርደኝ አይተው የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል አደረጉብኝ።

ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ኦቦ ዳዲ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጸጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። አዴ ጠጅቱ ለብቻቸው በርጩማ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው። ጉታ ቆሟል። ላሊሴ ጥራዙን ይዛለች።

ሰላምታው በኦሮምኛ አለቀ፤ ደህና አደራችሁ፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ ደህና። ከዚያ ኦቦ ዳዲ ለኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ዞሩ።

"የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ አንቺው አንብቢልን። በአማርኛ፣ ሁላችንም በምንሰማው።"

ላሊሴ ጥራዙን ሰጠችኝ። አንባቢዬ፣ እንግዲህ ቃል ማለት ሥራዬ ነው አይደል? ስምንት መቶ ቃል በቃሌ ይዣለሁ። ቆሜ እንዲህ አልኩ፦

"'ኡርጂ ጠንቃቃ ልጅ ናት። ሌሊት ትሠራለች፤ ቀን ስለ ሥራዋ ብዙ አታወራም' ነው የሚለው።"

ላሊሴ አፏን ልትከፍት ስትል ኡርጂ ቀደመቻት።

"እንደዛ አይልም። እንደ ጻፍሽው አንብቢው።"

"ኡርጂ…"

"እንደ ጻፍሽው!"

አነበብኩት። "ኡርጂ ሁለት ፊት ያላት አታላይ ናት። ሌሊቱን ጠርሙስ ስታጥብ አድራ፣ ጠዋት ጥፍሯን ቀለም ቀብታ፣ ለእጮኛዋ ለጉታ እናት ቢሮ ነኝ ትላለች።" በአማርኛ ሲሆን እንዴት ያስጠላል! በእንግሊዝኛ እኮ ያስቅ ነበር።

አዴ ጠጅቱ ፊታቸውን ከአጥሩ መለሱ።

"ጥፍር ቀለም አይቼባት አላውቅም" አሉ።

ኦቦ ዳዲ ወደኔ ዞሩ። "ጥፍሩን ከየት አመጣሽው?"

"ፈጠርኩት።"

"ለምን?"

"ቃሉ እንዲያዝልኝ።"

"ማል ጄቴ? ምን አልሽ?" አሉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። ሰምተውኛል። ደግሜ እንድለው ነው። ደግሜ አልኩት።

ኡርጂ ተነሳች። "ጠርሙስ አጣቢ ነኝ። አራት ዓመቴ ነው። ቢሮ ነኝ ብዬ አላውቅም፤ ቢሮ ናት ሲባል ግን ዝም ብያለሁ። ዝምታው የኔ ነው። ጥፍሩ የሷ ነው።"

ተቀመጠች።

"እኔ ሃያ ዓመት ኩበት ስጠፈጥፍ የኖርኩ ሴት" አሉ አዴ ጠጅቱ፣ "ጠርሙስ ማጠብ ይከብደኛል? ዝም ማለቷ ቅር ብሎኛል፣ እሱን ከሷ ጋር እንነጋገራለን። የከበደኝ ከቡራዩ እስከ እዚህ የማላውቀው ሰው ሁሉ በልጄ እጮኛ እየሳቀ ትምህርት መማሩ ነው። ገበያ ስወጣ ማን አንብቦት እንደሚያየኝ በምን አውቃለሁ?"

ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። በተናገሩበት ቀን አያስታርቁም፤ ቁጣው ይብረድ ይላሉ። ደግሞ ጥሎሹን የመረቁት የጉታ አጎት ተጂ ከተማ ናቸው፣ እሳቸው ሳይኖሩ አይዘጋም። ቀኑ ተቆረጠ። ቅዳሜ፣ ሰኔ 21፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

"ያን ቀን ፈተና አለብኝ" አልኩ።

"የምን ፈተና?" አሉ ኦቦ ዳዲ።

ጉታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። "ካርዱን የጻፈችለት ፈተና ነው አባባ።"

አንዱ ሽማግሌ ሳል አስመስሎ ሳቀ።

"ቀን አንቀይርም ልጄ" አሉ ኦቦ ዳዲ፣ ሳይቆጡ። "የበደለ በእግሩ ይመጣል። በስልክ አይሆንም፣ በወኪል አይሆንም። ካልመጣሽ አንጎትትሽም፤ ነገሩ ክፍቱን ይቀራል። ነገር ክፍት በሆነበት ቤት ደግሞ ሠርግ አንደግስም።"

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

የፈተናውን ቀን ለመቀየር ሞከርኩ። ክፍት ያለው ነሐሴ ነው። የዩኒቨርሲቲው የውጤት ማስገቢያ ቀን ሐምሌ 8 ያበቃል። አለቀ።

ለመጽሔቱ ጽሑፍ ማስገቢያ ቀኔም ዛሬ ነው። ቁጭ አልኩና ጣቴ ራሱ ጀመረ፤ "አንዲት የከተማችን ልጅ በሽማግሌ ፊት ቆማ እንዲህ አለች…" ሁለት ገጽ ሙሉ፣ እንደ ውሃ ነው የወረደልኝ። ሳነበው ግሩም ነው። ኡርጂ ስትነሳ የምትለውን ትንሽ አርዝሜዋለሁ። እንባም ጨምሬባታለሁ።

አጠፋሁት። ለአዘጋጁ አሞኛል አልኩት። እውነቴን ነው፣ አሞኛል። "አንዲት የከተማችን ልጅ" ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ? ባሏን የጠረጠረችው ፀጉር ሠሪ። ልጁን የካደው ጎረቤት። ሁሉም "አደራሽን" ብለውኝ ነበር። አንባቢዬ፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ነው ያነበብሽው፤ ግን አንቺ "እኔ ልሙት" አላልሽም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

የመጨረሻው ልምምድ፣ 157። አሳክቼዋለሁ። አሁን ብፈተን አልፋለሁ።

እንዴት እንደመለስኩት ልንገርሽ። ቃሉ ይመጣል፣ ፊት ይመጣል፣ መልሱ ይመጣል። ሲላስ አልዋሸም፤ ፊት ያለው ቃል አይጠፋም። አንድ ሰዓት ሙሉ አዴ ተረፈች፣ ኡርጂ፣ አዘጋጁ፣ የገዛ ወንድሜ በየተራ ሲሰለፉ እኔ እያንዳንዳቸውን በቃላቸው ጠርቼ አሳለፍኳቸው። ጨርሼ ውጤቱን ሳይ ሮጬ ወጥቼ ሽንት ቤቱ በር ላይ አስመለስኩ።

ሲላስ ደወለ።

"እህት ተስፋነሽ፣ ሰምቻለሁ። በርቺ። ዕድልሽ ሲቃረብ መንገድ የሚዘጋው ሰይጣን ነው።"

"ኮፒውን ያደረገው ማን ነው? ሰይጣን ነው?"

"እኔ ለበረከት…"

"ጥራዙን ከየቦታው ሰብስብ።"

"የቀረው ጥቂት ነው።"

"ጥቂቱን ሰብስብ! የቡራዩንም የሱሉልታንም!"

"እሺ፣ እሺ። ግን እህቴ፣ ካርዱን ስትሰጪኝ ስቀሽ ነው የሰጠሽኝ" አለኝ።

ልሳደብ ነበር። ለእሱ የሚሆን ከሠላሳ የማያንስ ቃል ነበረኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ምን እንደማደርግ አልወሰንኩም። መታወቂያዬና የፈተናው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ናቸው። መሄድ መብቴ ነው። እነሱ ሌላ ቅዳሜ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ እኔ ሌላ ሠላሳ አራት ዓመት የለኝም። ኡርጂም ብትሆን አትምጪልኝም፣ ምጪልኝም አላለችኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም።

አዴ ተረፈች ማታ መጡ።

"ነገ ለፈተናሽ ማለዳ ልቀስቅስሽ?"

"እባክዎ አዴ።"

"በስንት ሰዓት?"

"በአሥር ተኩል።"

"ፈተናው ከተማ ነው፣ ሦስት ሰዓት ነው አላልሽም? አሥር ተኩል ምን ያደርግልሻል?"

"መንገዱ አይታመንም።"

ትንሽ ቆሙ። ከዚያ "እኛም በዚያው ነው የምንነሳው" ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21፣ ሱሉልታ

ከጉታ እናት አጥር ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ።

ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ውጪ ጠብቂ አሉኝ። የተጂው አጎት መጥተዋል፤ ቁጡ ናቸው፣ ስገባ ሰላምታዬን አልመለሱም።

ሦስት ሰዓት ከአሥር። አሁን የፈተናው ክፍል በር ተዘግቷል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ወጥቷል። ወንበሬ ባዶ ነው።

አልቆጨኝም ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። አንጀቴ ያራል። አሥር ደቂቃ ሙሉ ሰዓቴን ሳይ ነበር፤ አሁን ሦስተኛው ጥያቄ፣ አሁን አራተኛው እያልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ መጥቼ ስለ ራሴ ነው የማዝነው። ይሄም ያስጠላል፤ ግን ያለው እሱ ነው።

ኡርጂ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በመካከላችን ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትታ።

"ጀመሩ እንዴ ፈተናውን?"

"ከሩብ ሰዓት በፊት።"

"ሌላ ጊዜ ትፈተኛለሽ አይደል?"

"ለዚህኛው ዕድሜዬ ያልፋል።"

ግቢው ውስጥ የአጎትየው ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰማ፤ ኋላ ኦቦ ዳዲ አንድ ነገር አሉና ጸጥ አለ።

"እንዳላዝንልሽ ነው የወጣሁት" አለች ኡርጂ።

"አውቃለሁ።"

"አሁንም አላዘንኩልሽም።"

"እሺ።"

አልተነሳችም ግን።

ምን ትጽፊያለሽ አለችኝ፣ ዓይኗን ወደ ደብተሩ ጣል አድርጋ። የምንባባለውን አልኳት። "አሳዪኝ" አለች። ሰጠኋት። ከዛሬው መጀመሪያ አንስታ አነበበች፣ ጣቷን ከመስመሩ በታች እያስኬደች። አንዲት ቦታ ላይ ቆመችና "ነጠላዬን አላስተካከልኩም" አለች። ሰርዥው አልኳት። እስክሪብቶውን ወስዳ ሰረዘችው።

ከውስጥ እየጠሩኝ ነው። ኦቦ ዳዲ ናቸው፣ "ጸሐፊዋ ትግባ!" ይላሉ። ኡርጂ ቀድማኝ ተነሳች። ምን እንደሚፈርዱብኝ አላውቅም፤ ሠርጉም ይደገስ ይቅር አላውቅም። ስወጣ እዚሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያሉኝን እንዳሉኝ እጽፋለሁ፤ ከመዝጋቴ በፊትም ለኡርጂ አስነብባታለሁ።